የአቮካዶ ነገር ከሥሩ ይጀምራል፦ በኮምቦልቻ ማሳ ያየሁት

ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በሚገኘው የቤተሰቤ ማሳ ላይ አቮካዶ ማልማት ከጀመርሁ ወዲህ ምክር ፈልገው የሚመጡ ሰዎች በዝተዋል። አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው፦ የትኛው ዝርያ ይሻላል? ኪሎው በስንት ይሸጣል? ስለ አፈሩ የሚጠይቀኝ ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔም ስጀምር ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አላለፍሁም ነበር። መልሱን አገኘሁ፣ ችግኙን ገዛሁ፣ ተከልሁ፤ ከመጀመሪያው ተከላ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዛፍ ፍሬ ሳያሳየኝ ደረቀ። ከመምህርነት ደመወዝ የተጠራቀመ ገንዘብ እንዲህ ሲባክን እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል። ይህን የምጽፈው እናንተ በዚያ በኩል እንዳታልፉ ነው።

በአየሯ ኮምቦልቻን የሚያማት የለም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ ግን ከፍታው ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይከብዳል፣ በዙሪያዋ ባለው ደጋ አመዳይ የሚጥልበት ጊዜም አለ። ሃስ የተባለው ዝርያ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች አንድና ሁለት ዲግሪ ሲወርድ ቅጠሉና አበባው መቃጠል ይጀምራል። ደሴ ግቢ ውስጥ ቤት የከለላት አንዲት ዛፍ ልታፈራ ትችላለች፤ እሷን አይቶ በደጋው ላይ ለገበያ መትከልን ግን አልመክርም። ወደ ቃሉ ወረዳ፣ በሐርቡና በደጋን በኩል ያለው መሬት ይሻላል።

የአየሩ መመቸት ግን ያዘናጋል። የእኛ ማሳ ግማሹ ወደ ወንዙ የተጠጋ ሜዳ፣ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ግማሹ ወደ ተራራው የሚያዘነብል፣ ጠጠር የበዛበት ቀይ አፈር ነው። ዋልካው አባቴ ጤፍና ማሽላ ሲያመርትበት የኖረ፣ ለምነቱ የተመሰከረለት መሬት ነው፤ ለውኃም ቅርብ ነው። ስለዚህ በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ችግኞቹን እዚያ ተከልናቸው፤ ቀዩን መሬት ለማሾ ተውነው። አንድ በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይህ መሬት በነሐሴ ውኃ ያድርበታል። ጤፍ ይችለዋል፣ ዛፍ ግን እንጃ» አሉኝ። «አባባ፣ ቦይ እናወጣለታለን» አልኋቸው። ቦዩንም አወጣን።

የመጀመሪያው ዓመት መልካም ነበር። ችግኞቹ ቁመት ጨመሩ፣ ቅጠላቸው ለመለመ። በኮምቦልቻ በዓመት ከሚጥለው አንድ ሺህ ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። የ2011 ክረምት ሲጠነክር ዋልካው ውኃውን ይዞ አልለቅ አለ። ቦዩ የላይኛውን ጎርፍ ወሰደ እንጂ ከሥር የታቆረውን አልነካውም። ዝናቡ ሲያቆም የዛፎቹ ቅጠል አነሰ፣ ገረጣ፣ ከዚያም ጠወለገ። ፀሐይ ስለበረታች የተጠሙ መሰለንና በፓምፕ አጠጣናቸው። ባጠጣናቸው ቁጥር ባሰባቸው። ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ጀምሮ መድረቅ ወደ ታች ወረደ።

የጠራነው የግብርና ባለሙያ ወጣት ነበር። ቅጠሉን ብዙም አላየውም፤ ዶማ አስመጣና ከአንዱ ዛፍ ግርጌ አፈሩን በእርጋታ ገላልጦ ሥሩን አወጣ። ጤነኛ የአቮካዶ ቀጭን ሥር ነጣ ያለ ነው፣ ሲያጥፉትም ይታዘዛል። የእኛው ጥቁር ሆኖ ነበር፣ በጣት ሲነካ እየተቀነጠሰ ይቀራል። «መምህር፣ ይህ ዛፍ የጠወለገው ውኃ አጥቶ አይደለም፤ ውኃ የሚጠጣበት ሥር ስለበሰበሰበት ነው» አለኝ። አፈሩን በእጄ ጨብጬ ስጨምቀው ውኃው በጣቶቼ መካከል ወጣ። ላይ ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ አንድ ክንድ ያህል ወረድ ሲሉ ግን ጭቃ ነው።

በሽታው የሥር አበስብስ ነው፤ የሚያመጣው ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ የሚባል በአፈር ውስጥ የሚኖር ተሕዋስ ነው። በዓለም ላይ አቮካዶ በሚለማበት አብዛኛው አገር ትልቁ ጠላት እሱ ነው። የሚዛመተው በዓይን የማይታየው ዘሩ በታቆረ ውኃ ውስጥ እየዋኘ ከሥር ወደ ሥር ሲደርስ ነው። አቮካዶ ደግሞ ራሱን የሚከላከልበት ሥር የለውም፤ ምግብና ውኃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮቹ አብዛኞቹ ከላይኛው ሠላሳ ሳንቲ ሜትር አይወርዱም፣ አየርም አጥብቀው ይፈልጋሉ። ውኃ ባደረበት አፈር ውስጥ ታፍነው ይዳከማሉ፣ በሽታውም ያኔ ይገባል። ስለዚህ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ቢኖር፣ የጠወለገ አቮካዶ ስታዩ ባልዲ ከማንሳታችሁ በፊት አፈሩን ቆፍራችሁ በእጃችሁ ጨብጡት። እርጥብ ሆኖ ዛፉ ከጠወለገ የምትጨምሩት ውኃ መቅበሪያው ነው።

መድኃኒት አለ። ፎስፎኔት በሚባለው ንጥረ ነገር ላይ የተመሠረቱ መድኃኒቶች በግንዱ ወይም በቅጠሉ ሲሰጡ የበሽታውን ጉዞ ይገታሉ፤ ሥሩ ያለቀበትን ዛፍ ግን አያስነሱም፣ ውኃ የሚተኛበትን መሬትም አይለውጡም። እኛ የባሰባቸውን ነቅለን አቃጠልን። ከታመመው ቦታ ወደ ጤነኛው ስንሻገር ዶማውንና ጫማችንን ማጠብ ልማድ አደረግን፤ በሽታው በጭቃ ተሳፍሮ ነው የሚጓዘው።

ከዚያ በኋላ የሠራነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ ይህ ይመስለኛልና። ለመትከል ባሰባችሁበት መሬት ላይ በተለያየ ቦታ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ውኃ ሙሉት፣ ይምጠጥ፣ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውኃ በማግስቱ ጠዋትም ካለ እዚያ ቦታ ከፍ ያለ ጉብታ ሳትሠሩ አቮካዶ አትትከሉ። በእኛ ዋልካ ላይ ውኃው እንደቆመ አደረ። በቀዩ መሬት ላይ ከሰዓታት በኋላ አልነበረም። ለማሾ የናቅነው መሬት ነው ዛሬ የሚያበላን። ደግነቱ ቀዩ ከዋልካው በላይ ስለሚገኝ ጎርፉ ከታመመው አፈር ወደ አዲሱ ተክል አይወርድም። መሬታችሁ ተቃራኒ ከሆነ፣ ማለትም ከበላያችሁ የታመመ የአቮካዶ ማሳ ካለ፣ ጎርፉን የሚያስቀይስ ቦይ ከሁሉ በፊት ይቆፈር።

በቀዩ መሬት ላይም ቢሆን ሜዳ ላይ አልተከልንም። አፈሩን በተዳፋቱ አግድም ሳይሆን ውኃ በቀስታ እንዲወርድ ትንሽ አዘንብለን ረድፍ አወጣንና በየረድፉ ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ሰፊ ጉብታ ሠራን። ችግኙን በጉብታው አናት ላይ፣ በላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት አንድም ጣት ሳናስገባ ተከልነው። አፈሩ በኋላ ስለሚሰምጥ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ይሻላል። የተዳቀለበት፣ ማለትም የተፈለገው ዝርያ በሌላ ግንድ ላይ የተቀጠለበት ጠባሳ ፈጽሞ መቀበር የለበትም። ርቀቱን 6 በ6 ሜትር አደረግነው፤ በሄክታር 278 ዛፍ ያህል ይይዛል። ፍግ ጉድጓዱ ውስጥ ስትጨምሩ በደንብ የበሰለ ይሁን፤ ያልበሰለ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል።

ጥቁር አፈር ብቻ ያላችሁ ሰዎች ተስፋ ቁረጡ አልላችሁም። ከፍ ያለ ጉብታ፣ በየመካከሉ ጥልቅ የማፋሰሻ ቦይ፣ ቦዩም መውጫ ያለው ከሆነ የሚሞከር ነው። ወጪው ግን ከችግኙ ዋጋ ይበልጣል፤ ስሌታችሁ ውስጥ መጀመሪያውኑ ይግባ። አለበለዚያ ያን መሬት ለጤፍ ተዉት።

ስለ ችግኝ። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ከስድስት ዓመት በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል፣ ፍሬውም እናቱን አይመስልም። የተዳቀለው በሦስትና በአራት ዓመት ያሳያል። ችግሩ ገበያ ላይ ሁሉም ሻጭ «ሃስ ነው» ማለቱ ነው። በመጀመሪያው ተከላ ከተረፉልን ዛፎች መካከል በሃስ ስም ተሽጠውልን ሌላ ሆነው የተገኙ አሉ። ስለዚህ የምትገዙበት የችግኝ ጣቢያ እናት ዛፉን ያሳያችሁ፣ ማሳየት ካልቻለ ሌላ ፈልጉ። አንዱን ላስቲክ ቀድዳችሁ ሥሩን ለማየት ክፈሉ እንጂ አትፈሩ፤ ሥሩ ነጭ ነው? ተጠቅልሎ ክብ ሠርቷል? ላስቲኮቹ የተቀመጡት በጠጠር ወይም ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ነው ወይስ ውኃ በተኛበት መሬት ላይ? ጭቃ ላይ ተቀምጦ ያደገ ችግኝ በሽታውን ከነላስቲኩ ወደ ማሳችሁ ያመጣዋል። ከድቀላው በታች የሚያቆጠቁጠውን ቅርንጫፍ እየተከታተላችሁ ንቀሉ፤ ከተዉት ዋናውን ውጦ የማይታወቅ ዛፍ ያሳድጋል።

የጥበቃው ዓመታት ረጅም ናቸው፣ ብዙ ሰው የሚሰለቸውም እዚህ ላይ ነው። በረድፎቹ መካከል ማሾ ዘራን፤ ቶሎ ይደርሳል፣ በኮምቦልቻ ገዢ አያጣም፣ ለአፈሩም ይበጃል። ሽንኩርትም ይሆናል። ቲማቲም፣ ድንችና በርበሬ ግን በአቮካዶ መካከል አይዘሩ፤ አቮካዶን የሚያጠወልግ ሌላ የአፈር ወለድ በሽታ ያራባሉና። ለማረምም ዶማ ወደ ግንዱ አይጠጋ፣ ሥሩ ከላይ ነው ያለው።

አጥር ከችግኙ ቀድሞ መኖር አለበት። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከብት በሚለቀቅበት አገር ያላጠረ ሰው ለጎረቤቱ ፍየል ነው የሚተክለው። ለፍየሏም ቢሆን አይበጃትም። የአቮካዶ ቅጠል ለፍየልም ለላምም መርዝ ነው፤ ጡታቸውን ያሳብጣል፣ ወተት ያነጥፋል፣ ብዙ ከበሉ ልባቸውን ይጎዳል። ስትገርዙ የወደቀውን ቅጠል ለእንስሳ መስጠት ይቅር፣ ለልጆችም ንገሯቸው።

ፀሐዩን በተመለከተ፣ በቆላው ጠርዝ ላይ ያለን ሰዎች የምንዘነጋው ግንዱን ነው። ለጋ ግንድ በበጋው ፀሐይ ይቃጠላል፣ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። በመጀመሪያው በጋ ከምዕራብ በኩል በማሽላ አገዳ ከልሉት፤ ከገረዛችሁ በኋላ የተጋለጠውን ግንድና ቅርንጫፍ በውኃ በተበጠበጠ ኖራ ቀቡት።

የሥሩን ማልበስ ጥቅም ያስተማረን ክፉ ጊዜ ነው። ገለባና አገዳ በዛፉ ሥር ማንጠፍ እንደሚገባ ተነግሮን ነበር፤ ነገር ግን ገለባ የከብት ምግብ ነው፣ ቤት ውስጥም ያጣላል። በመጨረሻ ግማሹን ማሳ አለበስን፣ ግማሹን ባዶ ተውን። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እንደ ብዙው ሰው ቤታችንን ትተን ወጣን። በታኅሣሥ ስንመለስ ፓምፑ የለም፣ ቱቦው የለም፣ ማሳውን ያጠጣ ሰው አልነበረም። ባዶውን የተተዉት ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ነበር፣ ብዙዎቹም ሞቱ። የለበሱት ተጎድተዋል፣ ግን ቆመዋል፤ አገዳውን ስገልጠው ከሥሩ ያለው አፈር ገና እርጥበት ይዞ፣ ነጫጭ ሥሮች ወደ ላይ ወጥተው የበሰበሰው አገዳ ውስጥ ገብተው አየሁ። ከዚያ ወዲህ በገለባ አልሰስትም። አንድ ስንዝር ያህል ወፈር አድርጋችሁ አንጥፉ፣ ግንዱን ግን እንዳይነካው አርቁት፤ ከነካው ቅርፊቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይመጣል። ለከብቱ የሚሆነውን ለማግኘት በአጥሩ ዙሪያ ዝሆኔ ሣር ተከልን፤ ጭቅጭቁም በዚያው ቆመ።

ፓምፑ ተተክቶ ውኃ ሲጀመር ሌላ ነገር ገጠመን፤ የአንዳንዶቹ ዛፎች ቅጠል ከጫፉ እየነደደ ቡናማ ሆነ። አቮካዶ ጨው አይችልም። የቦርከና ወንዝ ደግሞ ከኮምቦልቻ በታች የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀበላል፣ በበጋ ውኃው ሲያንስ የሚበዛው ፍሳሹ ነው። ከወንዝም ሆነ ከጉድጓድ የምታጠጡ ከሆነ ከመትከላችሁ በፊት ውኃው ይመርመር፤ በአንድ ጠርሙስ ናሙና የሚያልቅ ጉዳይ ነው። እኛ ከተራራው የሚወርደውን ምንጭ ተጋርተን በገንዳ ማጠራቀም ጀመርን። የምናጠጣው በዛፉ ዙሪያ ክብ አድርገን፣ ከግንዱ ራቅ ብለን ነው።

ስለ አበባው በአጭሩ። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ አንድ ጊዜ ሴት ሆኖ፣ አንድ ጊዜ ወንድ ሆኖ። ሃስ ጠዋት ሴት ሆኖ ይከፈታል፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወንድ ሆኖ። ፉዌርቴና ኤቲንገር በተቃራኒው ናቸው፣ ከሰዓት በኋላ ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ። ሁለቱ በአንድ ማሳ ሲገኙ ይደጋገፋሉ። ስለዚህ በየስምንትና በየአሥሩ ሃስ መካከል አንድ ኤቲንገር ወይም ፉዌርቴ ጣል አድርጉ፣ ቀፎም አስጠጉ። አበባው ሲረግፍ አትደንግጡ፤ ከሺህ አበባ አንዱ ፍሬ ቢይዝ በቂ ነው። በአበባ ወቅት ፀረ ተባይ አትርጩ፣ ንቡን ትጨርሱታላችሁ።

ወደ ገበያው ልምጣ። ዛፎቹ ለሽያጭ የሚበቃ ፍሬ የሰጡን በ2016 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የመጣው ደላላ ነው፣ ዛፉን ቀና ብሎ አይቶ በግምት ሊገዛ። ሲስማሙለት ልጆች ይዞ ይመጣና በረጅም እንጨት ያረግፈዋል፣ ትልቁንም ትንሹንም በጆንያ ይሞላል። ከመሬት የተጋጨ ፍሬ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ይጠቁራል። ገዢው ያን ቀምሶ «የእነ እገሌ አቮካዶ አይረባም» ይላል፤ የሚበላሸው የደላላው ስም አይደለም፣ የእናንተ ነው። በግምት አትሽጡ። በመቀስ ቁረጡት፣ ትንሽ እጀታ ተዉለት፣ ጥላ ሥር አቆዩት፣ በሳጥን ጫኑት።

መቼ እንደሚቆረጥ ማወቅም ችሎታ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይበስልም፣ አይለሰልስም። ከተለያዩ ዛፎች የተወሰኑ ትልልቅ ፍሬዎችን ቆርጣችሁ ቤት ውስጥ አስቀምጧቸው። በሳምንት ወይም ከዚያ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ሳይጨማደዱ ከለሰለሱ፣ ጣዕማቸውም ቅባት ካለው ደርሷል። ከተጨማደዱና እንደ ጎማ ከሆኑ ይቆዩ። ለውጭ ገበያ የሚገዙት ደግሞ ደረቅ ይዘቱን፣ ማለትም ውኃው ሲወጣ የሚቀረውን ክብደት ይለካሉ፤ ለሃስ ከመቶ ሃያ አንድ እስከ ሃያ ሦስት ያህል ይጠይቃሉ።

ሃስ ሲበስል ልጣጩ ይጠቁራል። በደሴ ጭማቂ ቤቶች መጀመሪያ ስወስድ ባለቤቶቹ አረንጓዴውን ስለለመዱ «ይህ እኮ ተበላሽቷል» ብለው መለሱልኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ቆርጬ አሳየኋቸው፣ አስቀመስኋቸው፣ ጥቂት ኪሎ በነፃ ትቼ ሄድሁ። አሁን ጠርተው የሚያዙኝ እነሱ ናቸው፤ ፍሬው ትንሽ ቢሆንም ሥጋው ስለሚበዛ ይወዱታል። በዐቢይ ጾምና በረመዳን ፍላጎቱ ይጨምራል፤ በባቲ በኩል ወደ አፋር የሚወርዱ ነጋዴዎችም ይወስዳሉ። ለእነዚህ መንገደኞች ጠንከር ያለውን፣ ለጭማቂ ቤት በሁለት ቀን የሚደርሰውን እየለየን እንሰጣለን።

ፍሬው ዛፍ ላይ ስለማይበስል ሁሉን በአንድ ጊዜ ማውረድ አያስፈልግም፤ ትልልቁን አስቀድሞ፣ ቀሪውን ሳምንታት እየቆየ መልቀም ይቻላል፣ ዋጋውም በዚያ መካከል ይሻሻላል። ግን ገደብ አለው። ያለፈው ዓመት ፍሬ አዲሱ አበባ እስኪፈነዳ ድረስ ዛፉ ላይ ከቆየ ዛፉ ይደክማል፣ የሚቀጥለው ዓመት ምርት ይቀንሳል። ስለዚህ የአበባው እምቡጥ ማበጥ ሲጀምር ዋጋው ምንም ይሁን ምን የቀረውን እናወርዳለን፣ ያን ጊዜም ለዛፉ ፍግና አዲስ ገለባ እንጨምርለታለን።